ውጅግራ፣ ምንሽር ወይስ ቤልጅግ?

የእህቴ ልጅ በቅርቡ ከቴክሳስ ደወለልኝ። የሥራ ባልደረቦቹ «የዱር አሳማ አደን እንውጣ» ብለውት ጠመንጃ ሊገዛ ሱቅ ገብቷል። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ጠመንጃ ተደርድሮበት ቢያይ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ድሮ ከፋ ሳሉ አሳማ ያድኑ ነበር ይባላል፤ ለጀማሪ የሚሆነው የትኛው ነው?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። አደንኩ ለማለት እንኳ አልደፍርም፤ በቆሎ ጠበቅሁ ብል ይቀርባል። ያም ሆኖ ጥያቄው ከስልኩ በኋላም አልለቀቀኝም። በቴክሳስ አሳማው የመጣው በ16ኛው መቶ ዘመን ከስፔኖች ጋር ነው። ከበረት አምልጦ ዱር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለአደን ተብሎ ከአውሮፓ ከመጣው የዱር አሳማ ጋር ተዳቅሎ ዛሬ የገበሬው ጠላት ሆኗል። አዳኙም ደመወዙን ይዞ ሱቅ ይገባና ይመርጣል። እኛ አገር ግን ገበሬ ጠመንጃ መርጦ አያውቅም። ጦርነት ነበር የሚመርጥለት። እኔም የመጀመሪያ ጠመንጃዬን የመረጥኩት ጦርነት ከተዋቸው ሦስት ጠመንጃዎች መካከል ነው፤ ምርጫዬም ሰው ሊያስገድለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሦስት ጠመንጃ በአንድ ምሰሶ

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1964 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከቦንጋ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ወደሚርቅ መንደር በአስተማሪነት ተመደብኩ። ያረፍኩት አንድ አዛውንት ቤት ነው። አባታቸው ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከሸዋ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ልጃቸው ለትምህርት ጅማ ሄዷል። በቆሎው እሸት ይዟል። ጫካው ደግሞ ከማሳው ጥግ ነው የሚጀምረው።

በሦስተኛው ቀን ማታ እራት ስንበላ አዛውንቱ፣ «የኔ ልጅ፣ በዚህ ቤት የበላ ይጠብቃል» አሉኝ። ማማ ላይ ወጥቶ በተራ ማደር ነው። ከዚያ ወደ መካከለኛው ምሰሶ አመለከቱኝ። ሦስት ጠመንጃ ተሰቅሏል። «አንዱን ምረጥ።»

በሕይወቴ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ረጅም፣ ሰደፉ በጥሬ ቆዳ ሽንጣር የታሰረ አሮጌ ነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ ብረቱ ዝገት የጀመረው ነው። ሦስተኛው ግን ያብረቀርቃል፤ እንጨቱ በቅቤ ታሽቷል፣ ማንገቻው አዲስ ነው። ውጅግራ፣ የጣልያን ምንሽርና ቤልጅግ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ታነሣ ነበር? እኔ ዓይኔን ሳላሽ ቤልጅጉን አነሣሁ። አዛውንቱ ምንም አልተናገሩም፤ አምስት ጥይት ቆጥረው ሰጡኝ።

ፎካሪ ያላገኘው አውሬ

ስለ ጠመንጃዎቹ ከማውራቴ በፊት ስለ ባላጋራቸው ጥቂት ልበል። በአገራችን የሚኖሩት የዱር አሳማዎች አራት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከተሜውም ሳይቀር የሚያውቀው ከርከሮ ነው። በቀን ይሠማራል፤ ተንበርክኮ ይግጣል፤ ሲሮጥ ጭራውን እንደ አንቴና ያቆማል፤ ሲመሽ ጉድጓድ ይገባል። ሁለተኛው በምሥራቁ ደረቅ ቆላ የሚኖረው የበረሃ ከርከሮ ነው። የዚህኛው የሳይንስ ስም «ኤቲዮፒከስ» መሆኑ ያስገርማል። ፓላስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1766 ይህን ስም ያወጣለት ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኬፕ በመጣ እንስሳ ላይ ተመሥርቶ ነው። በዚያ ዘመን አፍሪካ ሁሉ ለአውሮፓውያን «ኢትዮጵያ» ነበርና። ሦስተኛው በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚገኘው ግዙፉ የጫካ አሳማ ነው። ክብደቱ ከ200 ኪሎ የሚያልፍ ሲሆን ሳይንስ የመዘገበው ገና እ.ኤ.አ. በ1904 ነው።

አራተኛው የገበሬው ዋነኛ ባላጋራ የሆነው የዱር አሳማ ነው። ቀን ቀን ጥሻ ውስጥ ይተኛል። ሌሊት በመንጋ ይወጣል። አገዳውን በደረቱ ይሰብራል፣ ከአንዱ እሸት ሁለት ጉርሻ ይቀምስና ወደሚቀጥለው ያልፋል። የሚበላው ጥቂት ነው፤ የሚያጠፋው ብዙ። አንድ ቤተሰብ ስድስት ወር የደከመበትን በአንድ ሌሊት ጨርሶት ሊሄድ ይችላል።

ይህን ሁሉ ጥፋት የሚያጠፋ አውሬ ግን ገዳዩን አያስከብርም። ዝሆን የገደለ፣ አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ የገደለ ይፎክራል፤ ይሸለማል፤ ጸጉሩን ቅቤ ይቀባል። አሳማ የገደለን ሰው ማን ዘፍኖለት ያውቃል? በዚያ ላይ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ከርኩሳን እንስሳት ቆጥሮታል። ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላውም። ስለዚህ አሳማ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሥጋም ሆነ ክብር ይዞ አይመለስም። ትርፉ ያልተሰበረ አገዳ ብቻ ነው። የአሳማ ጠመንጃ የመጀመሪያ ሕግም ከዚህ ይመነጫል፦ ጥይቱ የማያስቆጭ መሆን አለበት።

ታዲያ ጥይት የማያስቆጭ የሆነበት ዘመን ነበርን?

የፈረንሳዩ ጠመንጃ ጉዞ

ወደ ኋላ መለስ እንበል። አያቶቻችን ለረጅም ጊዜ የያዙት በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ ነፍጥ ነበር። ባሩዱ ከአገር ውስጥ ጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል ይቀመማል፤ እርሳሱ በምድጃ ይቀልጣል። አንድ ጊዜ ተተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጠላት ባለበት ይቆይ ዘንድ የሚለምን ይመስል ሕዝቡ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ የቀለደበት ዓይነት ማለት ነው።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የናፒየር ጦር የያዘው ስናድር ግን ከኋላው የሚጎርስ ነበር። እንግሊዞች ሲመለሱ መንገድ ላሳለፏቸው ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፎችንና ከ800 በላይ ጠመንጃዎችን ትተውላቸው ሄዱ። ካሣም በሐምሌ 1863 ከእሳቸው በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር አሸንፈው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። በኅዳር 1868 ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መባቻ ደግሞ ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲደመስሱ ሰሜኑ አገር በረሚንግተን ተጥለቀለቀ። ጠመንጃው አሜሪካ ሠራሽ፣ ተሸካሚው ግብፃዊ፣ ወራሹ የእኛ ገበሬ ሆነ።

ከዚያ የመጣው ውጅግራ ነው። ፈረንሳይ በ1870 እና 71 እ.ኤ.አ. በጀርመኖች ከተሸነፈች በኋላ፣ በ1874 ለሠራዊቷ ያስታጠቀችው አዲስ ጠመንጃ በሠሪው ስም «ፊዚል ግራ» ይባል ነበር። ፊዚል በፈረንሳይኛ ጠመንጃ ማለት ነው። ፊዚል ግራ በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ እርሳሱ ብቻውን 25 ግራም ይመዝናል። ፈረንሳይ ራሷ በ1886 ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጠቀመውን ለበልን ስትሠራ ውጅግራ ባንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። አሮጌ ዕቃ ደግሞ ገዢ ይፈልጋል። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በግመል እየተጫነ ወደ ሸዋ ጎረፈ።

በዚያ መስመር ያልነገደ አልነበረም። ገጣሚው አርቱር ራምቦ እንኳ በ1887 እ.ኤ.አ. ወደ 2,000 የሚጠጋ የካፕሱል ጠመንጃና የረሚንግተን ጥይት ጭኖ ምኒልክ ዘንድ ደርሷል። አሮጌ ብረት በውድ ሊሸጥ አስቦ ምኒልክ ዋጋውን ስለቆረጡበት አዝኖ ተመለሰ። ይህ ትንሽ ታሪክ አንድ ነገር ይነግረናል። ምኒልክ ጠመንጃ መምረጥ ያውቁ ነበር። በ1890 እ.ኤ.አ. ኃያላን መንግሥታት በብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ሲፈራረሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከፈረንሳዩም ከጣልያኑም ከሩሲያውም የሚገኘውን እየሰበሰቡ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተገኘው ድል የጀግንነት ብቻ ሳይሆን የአሥር ዓመት ትዕግሥተኛ ሸመታ ውጤትም ነው። የሚገርመው ጣልያኖች ራሳቸው በዚያን ቀን ይዘውት የወጡት አዲሱን ጠመንጃቸውን አልነበረም። የድሮው ጥይት ክምችት እንዲያልቅ ተብሎ አሮጌውን ቬተርሊ ነበር ያነገቱት። ጠመንጃን የሚመርጠው ጥይት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥይት በዚያ ዘመን ገንዘብም ነበር። በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች ጠገራ ብር የማይዘረዝረውን ትንሽ ግዢ የውጅግራ ጥይት ይዘረዝረው ነበር። አሞሌ ጨው በማይደርስበት ጥይት ይደርሳል። ተተኩሶ የቀረው ቀለህ እንኳ አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ይተኮሳል። እንግዲህ ገንዘብህን ወደ ጫካ መወርወር ማለት ነውና አሳማ ላይ ለመተኮስ ሁለት ጊዜ ማሰብ ግድ ነበር።

ይህ ጠመንጃ ነው በ1889 ዓ.ም. ወደ ከፋ የዘመተው። የከፋ መንግሥት በአጥር፣ በጥልቅ ቦይና በጀግና ጦረኛ የተጠበቀ ቢሆንም ጠመንጃው ጥቂት ነበር። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ ሲከላከሉ ቆይተው በ1890 መባቻ ተማረኩ። ውጅግራ የያዘው ወታደር በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። «አባቴ በዚህ ጠመንጃ መሬት አገኘ» አሉኝ አዛውንቱ አንድ ቀን፣ በቆዳ የታሰረውን ሰደፍ እየዳሰሱ። «እኔ ደግሞ በዚሁ ጠመንጃ መሬቱን ከአሳማ እጠብቃለሁ።» ሲናገሩ ይስቁ ነበር። እኔ ግን የገባሮቹን ልጆች አስተምር ነበርና ሳቁ ሙሉ አልሆነልኝም።

ምንሽርና ቤልጅግ

ሁለተኛው ጠመንጃ ከሌላ ጦርነት የተረፈ ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1891 የሠራችው ይህ ጠመንጃ ካርካኖ ይባላል። የጥይት አጎራረሱ ግን ከኦስትሪያዊው ማንሊከር የተወሰደ ስለሆነ ሁለቱ ስም ተጣምሮ ይጠራ ነበር፤ ምንሽር የሚለው የእኛ ቃልም ከዚያው ስም የመጣ ነው ይባላል። 6.5 ሚሊሜትር፣ ቀጭን ረጅም እርሳስ፣ ትከሻ የማይመታ። በ1928 ዓ.ም. ከወራሪው ጋር በመቶ ሺዎች ገባ። አርበኛው ከጠላት እየነጠቀ ታጠቀው፤ በ1933 ጠላት ሲወጣ ደግሞ በየቤቱ ቀረ።

አንድ ችግር ብቻ አለበት። ስድስቱ ጥይት የሚጎርሰው በብረት ማቀፊያው ታጅቦ ነው። ማቀፊያው ከጠፋ ጎራሹ አይሠራም፤ አንድ አንድ እያሉ በእጅ ማጉረስ ነው። የአዛውንቱ ማቀፊያዎች ከጠፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ጥይቱም ቢሆን ገበያ ላይ እየተመናመነ ሄዷል። «ጥሩ ጠመንጃ ነው፤ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ነው» ይሉት ነበር፤ ጥይቱን ባል ማድረጋቸው ነው።

ሦስተኛው፣ ያ የሚያብረቀርቀው ቤልጅግ፣ የዘመናዊነት ጥማታችን ልጅ ነው። በ1922 ዓ.ም. አካባቢ የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን መጡ። የኤርስታል ፋብሪካ የማውዘር ሥሪት ጠመንጃም አብሮ መጣ። በነሐሴ 1930 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር የተፈራረመችው ውል መንግሥት መሣሪያ እንዲያስገባ በወረቀት ፈቀደ። ወረራው ሲቃረብ ግን በ1935 እ.ኤ.አ. በሩ ተዘጋብን። በዚያች አጭር ጊዜ የገባው ቤልጅግ የጨዋ ልጅ ምኞት ሆኖ ቀረ። 7.92 ሚሊሜትር ነው፤ አምስት ይጎርሳል፤ ጥይቱ ከድምፅ ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። እርሳሱ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ስለሆነ የነካውን ሁሉ በስቶ ይሄዳል። የተሠራው በሩቅ ላለ ሰው ነው፤ በሠላሳ እርምጃ ላለ አሳማ አይደለም።

እኔ ይህን አላወቅሁም ነበር። ያየሁት ማብረቅረቁን ነው።

ያች ሌሊት

ማማው አራት ረጃጅም እንጨት ላይ የቆመ፣ በሣር የተከደነ ነው። ከወንዙ ማዶ የጎረቤት ማሳና የእነሱ ማማ አለ። ጨረቃዋ ሞልታ ነበር። ከእኔ ጋር ያደረው የአዛውንቱ ዘመድ ወንጭፉን ይዞ እንቅልፍ ወስዶታል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ አገዳ ሲሰበር ሰማሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ማንኮራፋት። ጥቁር ነገር ከበቆሎው መሐል ወጥቶ ቆመ።

ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። አነጣጠርኩ፤ ማነጣጠሪያው በጨለማ አይታይም። ቃታውን ሳብኩ። ትከሻዬ የተነቀለ መሰለኝ። አሳማው ዘለለ። እጄ በራሱ ጊዜ ሁለተኛ አጎረሰ፣ ተኮስኩ። ሦስተኛ፣ ተኮስኩ። ጠመንጃው አምስት ጥይት ስላለው እኔ ማሰብ የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ከወንዙ ማዶ ጩኸት ተሰማ። የሕፃን ድምፅ ነበር። ወዲያው ዝም አለ።

ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አብሮኝ ያለው ሰውዬ ነቅቶ በከፍኛ ይጣራል፤ መልስ የለም። እንደገና ይጣራል። እኔ ጉልበቴ ተሳስሮ ማማው ላይ ተቀምጫለሁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ በመጨረሻ ከማዶ «ደኅና ነን!» የሚል የጎልማሳ ድምፅ መጣ። ጥይቱ የጎረቤቱን ማማ አንዱን ቋሚ ወግቶ አልፏል። አሥር ዓመት የማይሞላው ልጃቸው በዚያው ማማ ላይ ተኝቶ ነበር። ቋሚው ሲንቀጠቀጥ ደንግጦ ጮኸ፤ አባቱ አፉን ይዞ አስተኛው። ከልጁ ራስ እስከ ጥይቱ ቀዳዳ አንድ ክንድ ነበር፤ በማግሥቱ ሄጄ በእጄ ለክቼዋለሁ።

አዛውንቱ አልተቆጡኝም። ከጎረቤቱ ጋር ይቅር አባባሉኝ፤ ቤልጅጉን ወልውለው ወደ ምሰሶው መለሱት። ማታ ላይ ውጅግራውን አውርደው አንድ ጥይት ሰጡኝ፤ አንዲት ብቻ። «ምረጥ አልኩህ እንጂ ልክ ነህ አላልኩህም። አምስት ጥይት ያለው ሰው አምስት ጊዜ ይተኩሳል፤ አንድ ጥይት ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ያያል» አሉኝ።

ከዚያ ያስተማሩኝ ሌሎች ነገሮች በጣም ቀላል ናቸው። ሰደፉ ትከሻህ ላይ የሚገጥም እንጂ የሚያምር አይሁን። ማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ ነጭ ጥጥ ጠቅልል፤ ሌሊት ይታይሃል። ከላይ ወደ ታች ተኩስ እንጂ ወደ ፊት አትተኩስ፤ እርሳሱ አፈር ውስጥ ይግባ። ከአሳማው ጀርባ ያለውን ሳታውቅ አሳማውን አትመልከት። አንዴ ስተህ ከሆነ ይሂድ፤ ነገ ይመለሳል፤ ሰው ግን አይመለስም።

ውጅግራን ላሞግስ አይደለም። የተሞላው ቀለህ አንዳንዴ ይከሽፋል፤ ጭሱ ዓይን ይጋርዳል፤ እርሳሱም ቢሆን ሰው ከነካ ሰው ይገድላል። ያቆመኝ ግን የጠመንጃው ድክመት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚተኩስ እንዳስብ አስገደደኝ።

ያልተመረጠለት አዳኝ

በሦስተኛው ሳምንት አሳማ መታሁ፤ አልወደቀም። የቆሰለ አሳማ ጥሻ ውስጥ ክራንቻውን ይዞ ያደፍጣል፤ ተከትሎት የሚገባ ሰው ጭኑን ይከፍትበታል። አዛውንቱ በማለዳ ሰው ልከው አንድ አዳኝ አስጠሩ። ከማንጆዎች ወገን ነው። ማንጆዎች በከፋ ደን ውስጥ በመረብና በጦር ሲያድኑ የኖሩ፣ የዱር አሳማ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ሌላው ሕዝብ ያገለላቸው ሰዎች ናቸው። ሰውየው ደሙን ተከትሎ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ጥሻው ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ጦሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየን። ሲወጣ አሳማውን በእግሩ እየጎተተ ነበር።

ምሳ ቀረበለት። ከቤት ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣ በኮባ ቅጠል ላይ። ማንም አብሮት አልተቀመጠም። እኔም አልተቀመጥኩም። ወጣት ነበርኩ፤ የሰው ቤት ነበርኩ፤ እነዚህ ሁለቱ ምክንያቶች ዛሬ አይበቁኝም። ያ ሰው የእኔን ስህተት ሊያርም ነፍሱን አስይዞ ጥሻ ገብቷል። በማግሥቱ ለልጆች ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ላስተምር የነበርኩት እኔ ግን ከበሩ ላይ ቆሜ አየሁት።

ቆይቼ ሳስበው አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በዚያች መንደር ጠመንጃ ያለው አሳማ አይበላም፤ አሳማ የሚበላው ጠመንጃ የለውም። የአሳማን ጠባይ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው፣ የት እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚሻገር፣ ሲቆስል ወዴት እንደሚዞር የሚያውቀው ሰው፣ ከምሰሶው ላይ አንዱን ምረጥ ተብሎ አያውቅም። ጠመንጃ የሚሰጠው ለሚያስፈልገው ሳይሆን ለገዛ ነበር። ከመቅደላ እስከ ከፋ፣ ከጉንደት እስከ ማይጨው ጠመንጃ ያከፋፈለው ጦርነት ነው፤ ጦርነት ደግሞ ስለ በቆሎ አይጠይቅም።

አሳማው አዋጅ አይሰማም

በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። እኔ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሬ ነበር። የአዛውንቱ ሦስቱም ጠመንጃዎች መወሰዳቸውንና መሬቱ ለገባሮቹ መከፋፈሉን የሰማሁት ከአንድ ተማሪዬ ነው። ስለ መሬቱ አላዘንኩም። ስለ ጠመንጃዎቹም አላዘንኩም። ተማሪዬ ግን ሳቅ እያለ ጨመረልኝ፦ «አሳማው አዋጅ አልሰማም፤ አሁንም እየመጣ ነው።» አዲሶቹ ባለመሬቶች ማማውን ጠግነው፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ እሳት እያነደዱ መጠበቅ ጀመሩ።

ዛሬ ነገሩ በሕግ ነው። የዱር እንስሳት የአገር ሀብት ስለሆኑ ማደን ፈቃድ ይጠይቃል። የጦር መሣሪያም በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ አይያዝም። ጥሩ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ያንን ቋሚ እንጨት ከነቀዳዳው አይቼዋለሁ።

ለእህቴ ልጅ ምን መለስኩለት? «ስሙን አትጠይቅ» አልኩት። «መጀመሪያ ጥይቱን ምረጥ፤ በየሱቁ የሚገኝ፣ ለአደን የተሠራ፣ አፍንጫው ለስላሳ የሆነውን፤ የወታደር ጥይት አትግዛ። ከዚያ ትከሻህን የማያስፈራህን ጠመንጃ ውሰድ፤ የፈራ ትከሻ ዓይን ያስጨፍናል። ስንት ይጎርሳል ብለህ አትኩራ። የመጀመሪያውን ወር አንድ ጥይት ብቻ አጉርስ።»

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያ ከአሳማው ጀርባ ማን እንዳለ እይ።»

ዝም አለ። ስለ ማማው አልነገርኩትም ነበር፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ምናልባት እሱም የራሱ ልጆች፣ የራሱ ማሳ ይኖረዋል። የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው የሚያብረቀርቀው ብረት አይደለም። ከማዶ የመጣው ያ ድምፅ ነው፦ «ደኅና ነን!»